ሁለት ነጥብ

ቅዳሜ ፀሐይ ነበር፣ የጥር ደረቅ ፀሐይ፣
ብጣሽ ደመና እንኳ ያልዞረበት ሰማይ።
ብርዛፍ በዲኤክሷ፣ በአሮጌዋ ቀይ፣
ከስታዲየሙ ጥግ ስትታጠፍ ሳይ፣
ፍሬኑን ሳትነካ፣ ማርሽ ብቻ ቀንሳ፣
አንድ የኋላ ጎማዋ ካስፋልቱ ሲነሳ፣
የያዝኩት ሰዓት ካንገቴ ዘለለ፣
ልቤ፣ ያ ቀልቃላ፣ «ነገ የኛ ነው» አለ።

የቀረን ሁለት ነጥብ ነው።
ጉርሜሳ በነጭ ቪትዙ በሁለት ነጥብ ይመራል፣
ነገ ከፊቱ ከገባን ዋንጫው እኛ ጋ ያድራል።
የዕቁቤን ብር ተቀብዬ፣ ከደጄ ሳላደርሰው፣
ሶማሌ ተራ ይዤው ወርጄ በአራት ጎማ ለወጥኩት፤
ለስላሳ፣ ጥርስ የሌለው፣ የደረቅ አስፋልት ጎማ።
ሚስቴን «ዕጣው ለሌላ ወጣ» አልኳት፣ በጨለማ።

እሁድ እንጦጦ ተከናንቦ አደረ።
ያየው ሁሉ እንዳላየ ሆኖ ዋለ።
«በጥር?» አለ አንዱ፣ «ጥር መች ዝናብ ያውቃል?»
«ክረምት ሳይከፍል የሄደው ዕዳ ይኖርበታል።»
ካፊያው በስድስት ሰዓት፣ ዶፉ ለሰባት ሩብ ጉዳይ፣
ከዚያ በረዶ፣ ኮፈኗን እያንኳኳ፣
ክፈቱልኝ የሚል ይመስል።

ለገሐር ቦዩ ጠግቦ ወደ መንገዱ ተፋ።
አንድ እግር የሴት ጫማ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣
ስሟ የታተመበት የውድድር ወረቀት፣
ከብሔራዊ ትያትር ቁልቁል ፈሰሱ፣
ከሁላችን ቀድመው ዙሩን ጨረሱ።

ዳኛው ጃንጥላ ይዞ ወጣ፣ አየ፣ ገባ።
ደግሞ ወጣ፣ አየ፣ ገባ።
ደንቡ አጭር ነው፤ አስራ ሁለት ዙር ካልሞላ
ነጥብ የለም፣ የመራው እንደመራ ይቀራል።

የጉርሜሳ ልጆች መጠለያ አልነበራቸውም።
እኛ ሸራ ስር ገቡ፤ ግቡም ውጡም ያላቸው የለም።
አንዱ ከኪሱ ቆሎ አወጣ፣ ለእኔም ዘገነልኝ።
አንድ ሸራ ስር ቆመን፣ አንድ ቆሎ እየቆረጠምን፣
ግማሻችን «ጌታ ሆይ አቁመው»፣
ግማሻችን «ጌታ ሆይ ጨምረው»፣
እሱስ የማንን ይስማ?

ብርዛፍ ከመሪው አልተነሳችም።
መስታወቱ በትንፋሿ ጉም ለብሷል፣
በጣቷ የሳንቲም ያህል ክብ ጠርጋ
በዚያች ቀዳዳ መንገዱን ታየዋለች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ለቀቋቸው።
የኔዎቹ ጎማዎች ደርቀው ተደርድረው ቀሩ፤
ያሮጌዎቹን አሰርንላት፣ ጥርሳቸው ሊያልቅ የደረሰውን።
አንድ ዙር። ሁለት።
በሦስተኛው፣ ፍልውሃ መታጠፊያው ጋ፣
በውጭ በኩል፣ ማንም በማይደፍረው፣
ውሃውን ለሁለት ቀዳ ጉርሜሳን አለፈችው።
ጮህኩ። ምን ብዬ እንደሆነ አላውቅም፣
ቆሎ የዘገነልኝ ልጅ ግን ትከሻዬን ያዘኝ።

በአራተኛው ቀይ ባንዲራ ወጣ።
ስታዲየም ጋ ጎርፉ ሁለት መኪና አንስቶ
አጥሩ ላይ አስደግፏል፤ ሰው አልተጎዳም።
አራት ዙር።
ዝናቡ ዓመቱን በአራት ነጥብ ዘጋው።

ጉርሜሳ ዋንጫውን በብብቱ ይዞ መጣ፣
መልስ እንደሚባል የውሰት ዕቃ።
«ፍልውሃ ጋ አልፈሽኛል» አላት።
«አውቃለሁ» አለች፣ ሄልሜቷን እያወለቀች።
ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም።

ሲመሽ መንገዱ ተከፈተ።
ሚኒባሶቹ በእሷ መስመር ላይ፣
ረዳቶቹ በመስኮት ወጥተው «ቦሌ! ቦሌ!»
ካንዴላዎቹን ፈትቼ በሸሚዜ ጫፍ አደረቅኳቸው፣
አራቱን ጎማዎች ጣሪያዋ ላይ አሰርኩ፣
ለሚስቴ የምለውን ከገመዱ ጋር እየቋጠርኩ።

ድሮ ስንጽፍ በቃልና በቃል መሃል
ሁለት ነጥብ እናኖር ነበር።
ማቆሚያ አልነበረችም፤
ለሚቀጥለው ቃል ቦታ ትይዝ ነበር እንጂ።

ለገሐር ቀይ መብራት ያዘን።
ሰማዩ ጠርቷል፣ ጭራሽ ኮከብ አውጥቷል፣ አያፍርም።
ብርዛፍ ምንም አትልም።
የግራ እግሯ ፍሪሲዮን ላይ ነው፣
ዓይኗ መብራቱ ላይ።