ረድፍ ዘጠኝ

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ እኔ ነኝ ቆጣሪው፣
የማን ስንት እንደሆነ መዝገብ አስፋሪው።
ማኩርዲ፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፤
ማራገቢያው ቆሟል፣ መብራቱ ሄዷላ።

ፕሮፌሰር ኦቸፉ መነጽሩን ሰቅሎ
«ረድፍ ዘጠኝ» አለኝ፣ ጣቱን ቅጹ ላይ ጥሎ።
«ዶክተር ንጉቫን። በአምስት ዓመት ስንት?»
«አንድ» አልኩ። «አንድ ብቻ?» «አዎ፣ አንድ ጽሑፍ ናት።»
ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤
«ስንፍና ነው» አለ አንዱ፤ ጉዳዩ አለቀ።

እኔ ግን አውቃታለሁ ያቺን አንዲት ቁጥር፤
ጎረቤት ነን፣ በአንድ አጥር።
ግድግዳችን ስስ ነው፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት
ጄኔሬተሯ ሲያስል፣ አውቃለሁ ልጆቿ እንደተኙላት።
እስከ ነዳጁ ጭላጭ አንድ አንቀጽ ትጽፋለች፤
ሲያልቅ፣ በስልኳ ብርሃን ያንኑ ትሰርዛለች።

የአንደኛ ዓመቱ ክፍል ብቻ ስድስት መቶ ራስ፣
የፈተናው ወረቀት ከሶፋ ተርፎ በረንዳ እስኪደርስ።
ማይክሮስኮፑ አንድ ነው ለዲፓርትመንቱ፤
እሱንም ሻጋታ በላው በክረምቱ።
እሷ የምትፈልገው አንዲት ቀጭን ትል፣
በአምባዛ ስንጥብ ውስጥ ተጣብቃ የምትውል።
ዓሣ አስጋሪው ዮርፋ ማክሰኞ ማለዳ
ሦስት ዓሣ ያመጣል፣ ሁለቱ በዕዳ።
አድማው ስምንት ወር ሲቆይ፣ ደሞዝ ሲቋረጥ፣
ገበያ ወጣች እሷም፣ የካሳቫ ዱቄት ለመሸጥ፤
ዓሣው ግን አልቀረም። ደብተሩም አልታጠፈ።

አንዱ መጽሔት «ተቀብለናል» አላት፤
የገጽ ክፍያው፣ በዶላር፣ የአራት ወር ደሞዟን ሊበላት።
ሌላው ዓመት አቆይቶ መለሰው፦
«ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ይየው።
ናሙናውም ከአንድ ወንዝ ነው፤ ለዓለም ምን ይረባል?»
ቤንዌ ሰምቶ ይሆን? ዝም ብሎ ይፈስሳል።
ሦስተኛው «በሦስት ቀን አትማለሁ» ብሎ ጻፈላት፣
ስሟን እንኳ አሳስቶ፦ «ውድ ሚስተር ንጉቫት»።
ሳቀች፤ አጠፋችው።
እኔ ግን በዚያው ሳምንት ለዚያው ሰው
ሁለት ላኩለት። ሁለቱም ወጥተዋል።

የእኔማ አሥራ አራት ናቸው።
ስሜ ከአለቃዬ ጀርባ፣ ስሙ ከእኔ ፊት፤
እንዲህ ነው የሚበዛው፣ እንደ ብድር እህል፣ ከቤት ወደ ቤት።
አንዷን አንስታችሁ ምን ትላለች ብትሉኝ
ርእሷ ራሱ ይጠፋኛል።

«እንግዲህ ጻፍ» አለ ሰብሳቢው። ብዕሩ ደርቆ ነበር፣ አራገፍኩት።
«ለከርሞ ይተላለፍ።» ጻፍኩት።

ስወጣ ዮርፋ በሩ ላይ ቆሟል፣ ባልዲ ይዞ፤
ዶክተሯን ጠበቃት፣ ከጠዋት ጀምሮ፣ ፀሐይ ላይ ፈዞ።
«ያ የዓሣው ጽሑፍ» አለኝ፣ «እስካሁን አልወጣም?»
«ወጥቷል» አልኩት። «አንድ።»
«አንድ!» አለ።
ባልዲውን አስቀመጠ፣
እጁን በሱሪው ጠረገ፣
እኔን ጨበጠኝ።