ለላኪው ይመለስ

ካርታው ከወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ተርፎ፣
ሰሜኑ ወደ ታች ወለሉ ላይ አርፎ፣
እኔ ተንበርክኬ፣ መነጽሬን ሰቅዬ፣
እርሳስ እስባለሁ፣ ቀን በቀን ከፍዬ።
ከሃንኮ ወደብ ላይ፣ ባሕር ከሚያልቅበት፣
እስከ ኑኦርጋም ድረስ፣ አገር ካለቀበት፤
አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ሲሄዱ፣
እንደዚያው ደግሞ ነው ሲመለሱ መንገዱ።

ሠላሳ አራት ዓመት መስኮት ላይ ተቀምጬ፣
የሰው እሽግ መዘንኩ፣ ቴምብሩን ቆርጬ፤
ሹራብ ለኢናሪ፣ ለሶዳንኩላ
የልጅ ጫማ ጥንድ፣ የሎሚ ከረሜላ፤
ስማቸውን በቃሌ፣ ቁጥራቸውን በጣቴ
ዐውቃቸው ነበረ፤ በእግሬ ግን፣ በሕይወቴ
አንድ ቀን አልሄድኩም።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አበባ እንኳ ሳይሰጡኝ፣
«የአንቺው ነው» አሉና ሚዛኑን አሸከሙኝ።
ዛሬ ተራው የእኔ። ድንኳኔን ጫንኩበት፦
ሁለት ኪሎ ከሩብ። የዝናቡን ካፖርት፦
ግማሽ ኪሎ ሞልቶ ጥቂት ተረፈበት።
ከመነዳሪ ሦስት፣ ራጂ ዐሥራ ሁለት፣
የካቴና ዘይት፣ የሳል መድኃኒት የነበረበት
ብልቃጥ ውስጥ ገልብጬ፤
የጥርስ ብሩሼን እጀታውን ቆርጬ
አራት ግራም አተረፍኩ። ኩራቴን ግን ማየት!
አራት ግራም ማለት
አንድ ገጽ አይሞላም፣ የደብዳቤ ወረቀት።

ኡርፖ፣ ብስክሌት አዳሹ፣ የኋላ ጎማዬን
አሽከርክሮ አየና፣ ቀጥሎም ዕድሜዬን፦
«ታይሚ፣ ጎማው ያደርስሻል፤ ጉልበትሽ ነው እንጂ…»
አልጨረሰውም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ «በይ ሂጂ፤
ነፋሱ ሲያይልብሽ ግን እልኽ ትተሽ ውረጂ፤
ነፋስና አለቃን ፊት ለፊት አይገጥሙት፤
ጎንበስ ብለው አሳልፈው፣ ካለፈ ነው የሚያሙት።»

ሃያ ቀን መውጫው ነው፣ በቀን ሰባ አምስት፤
ማደሪያው ሐይቅ ዳር፣ ጥድ ሥር፣ ካገኘሁ ሳውና ቤት።
ሌሊት የለም በሰኔ፤ ፀሐይ ከአድማስ ላይ
እንደ ተረሳ መብራት ስትበራ ብትታይ፣
ማን «መሸብሽ» ይለኛል? ራሴ ነኝ ከልካይ።
ትንኙ ጉም ያህላል፤ አጋዘኑ ደግሞ
እንደ ኬላ ጠባቂ አስፋልት መሐል ቆሞ፣
ደወል ቢደውሉለት ጆሮ አይሰጥም አሉ፤
ያልሄዱ ናቸው ግን ይህን የሚሉ ሁሉ።

ሄልካ፣ ልጄ፣ በስልክ፦ «መሄዱንስ ይሁን፤
ስትመለሺ ግን ባቡር ያዢ እንጂ፣ ምን
ያደርግልሻል ያየሽውን መንገድ ደግሞ ማየት?»
ዝም አልኩ። በመሐላችን የማንቆርቆሪያ ጩኸት።
ምን ብዬ ላስረዳት? ወደ ፊት ሲነዱ
ግማሹ ነው የሚታይ፣ የአንድ ጎን ነው መንገዱ፤
ዳገት ብዬ የረገምኩት ቁልቁለት ሊሆንልኝ፣
ያላየሁት ፊቱ ዞሮ ሊያይ፣ ሊታየኝ፣
ጀርባዬ ያየውን ዐይኔ እንዲያይ ብዬ ነው።
በስልክ ሲሉት ግን እብደት ነው የሚመስለው።

ደግሞም አንድ ማኅተም ነበረኝ በመሳቢያ፣
ቀይ ቀለም የጠጣ፣ ባለ እንጨት መያዣ፦
«ለላኪው ይመለስ።»
አድራሻው ያልተገኘ፣ ወይ በሩን ያልከፈተ፣
ወይ እሽጉ መንገድ ሳለ ተቀባዩ የሞተ፤
ከሰሜን ሲመለስ፣ ጠርዙ ተልፈስፍሶ፣
መዘንኩት፦ ከሄደበት ጥቂት ግራም ብሶ።
ሁልጊዜ። አንድም ቀን ቀልሎ አልመጣም።
«እርጥበት ነው» አለኝ አለቃዬ በንቀት።
እኔ ግን መንገዱን ነበር የጠረጠርኩት።

እንግዲህ ላኪዋም እኔ፣ እሽጓም እኔ።

ማታ ሚዛኑ ላይ ወጥቼ ቆምኩበት፤
ሠላሳ ኪሎ ነው ጥጉ፤ መርፌው ሄዶ ተላተመበት፤
ከዚያ ወዲያ ቁጥር የለም።
ይሁን። ወረድኩና ካርታው ጀርባ በእርሳስ
«ስሄድ፦ ከሠላሳ በላይ» ብዬ፣ ከሥሩ «ስመለስ፦»
ቦታውን ባዶ ተውኩት።
ኡርፖ ነገ ፔዳሉን መጥቶ ያጠብቃል።
ከሦስቱ ካልሲ አንዱን አወጣሁ። ሁለት ይበቃል።