ባዶና ዜሮ

እቃ ቢሆን ኖሮ በመርከብ በሻንጣ፣
ጉምሩክ በመዘነው ሲገባ ሲወጣ።
ምክር ግን፣ ጥገና፣ ዲዛይንና ትርጉም፣
ድንበሩን ሲያልፉ አቧራ አይነሳም።

ስለዚህ በሪጋ፣ ከአምስተኛው ፎቅ ላይ፣
ቪዝማ ትቆጥራለች የማይዳሰስ ጉዳይ።
በየሩብ ዓመቱ ቅጹን ትልካለች፤
«ለየትኛው አገር? ዋጋውስ?» ትላለች።
እንቆቅልሽ ሆኖ፣ ለፈታም ላልፈታ፣
«አገር ስጡኝ» ማለት የሷ ነው ጨዋታ።

ባንኩ ባንድ ቀን ሞላ፣ ባለመርከብ በቅጣት፣
አንድ ስም ብቻ ቀረ፣ መልሱ የጠፋበት፦
ኦርጋን ቃኚው ኦያርስ፣ ራሱን የሚቀጥር፣
ጆሮውን አንግቶ ባሕር የሚሻገር።

ደወለች።

ስልኩ ሲነሳላት ሳሉ ቀድሞት መጣ፣
«ቅጽሽ ደርሶኝ ነበር፤ የምሞላው ታጣ።
አዎ፣ ተሻግሬ ቱርኩ ሠርቻለሁ፣
ዘጠኝ ቀን በደብር ቧንቧ ጠርጌያለሁ።
የመምህሬ እጅ ነው ኦርጋኑን የሠራው፤
እንዴት አድርጌ ነው ዋጋ የምጠራው?
ባዶውን ተዪልኝ።»

«ባዶ ግን» አለችው «መልስ የለም ማለት ነው፤
በነፃ የሠራ ዜሮ ነው የሚጽፈው።»
«ዜሮ?» አለ ስቆ፣ ጥቂት ዝም አለና።
«ፊንላንድ» ብላ ጻፈች፣ ቀጥላ «ጥገና»፣
ከጎኑ ክብ ምልክት።

«ደረሰኝ ከፈለግሽ...» አንዲት ቧንቧ ነፋ፤
ድምፁ በስልክ ገባ፣ ፎቁን ሞልቶ ጠፋ።
ለድምፁ ኮድ ስትሻ ከዝርዝሩ አጣች፤
ቀጣዩን ስም አይታ ወዲያው ደወለች፣
በግራ ጆሮዋ ገና ትሰማለች።