አሥራ አምስት ዲግሪ

በገመድ፣ በጣውላ፣ በልጆች ኮምፓስ ሣጥን፣
ቱምቢ አንጠልጥዬ ለካሁት ኮረብታችንን።
ከበሩ እስከ ኩሬው ዘጠኝ ዲግሪ፤ ደህና።
ከኩሬው እስከ ፖሞቹ አሥራ አራት፤ ይቻላል ገና።
ከፖሞቹ በላይ፣ አጥሩ የሚያልቅበት፣
ሃያ ስድስት አለኝ፤ ክሩን ደገምኩበት፤
ሃያ ስድስት አለኝ።
ክላሪ ማጨጃው የተገለበጠበት እዚያ ነው።
ከበረንዳው ስለካ አየኝ። ዝም አለኝ።

"ከአሥራ አምስት ዲግሪ በላይ አትንዳ" ይላል
አይጥ የቆረጠመው የአሮጌው መመሪያ።
ትምህርት ቤት የተውኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣
ላሞቹን የሚያልብ ጠፍቶ፣ ታማ እናቴ፤
ዲግሪ ሳልይዝ ቀረሁ እያልኩ ስቆጭ ኖሬ
ይኸው ዲግሪ ቆጠርኩ፣ በስድሳ አራቴ፣ ዛሬ።

ሊዮንጋታ ወረድኩ። ዳሪል፣ ሻጩ፣ ፀጉሩን የተቀባ፣
አዲሶቹን ደርድሯል፣ ብርቱካናማ እንደ አበባ።
አንዷ ላይ አወጣኝ፤ መሪ የላት፣ ሁለት ዘንግ ብቻ።
"ባለችበት ትዞራለች፤ የላትም አቻ!"
"ዳገት ላይስ?" አልኩት።
ከንፈሩን ነከሰ።
"ሜዳ ላይ" አለኝ፣ "ሜዳ ላይ ንግሥት ናት።"
ሜዳ ቢኖረኝማ ኳስ እጫወትበት ነበር።

"ይቺ ደግሞ የሃያ ሁለት ፈረስ ጉልበት አላት።"
ፈረስ አውቃለሁ እኔ። አባቴ አንድ ነበረው፣
ዳማ፣ ጥርጣሬ የማይለየው፤
ቁልቁለት ሲያይ ይቆማል፣ አፈሩን ያሸታል፣
ካላመነው አይወርድም፣ ብትገርፈው ይቆማል።
"ጉልበቱን ተወው ዳሪል፣
እስቲ ሰኮናዋን አሳየኝ።"

ተንበረከክሁ። ጎማዋን በመዳፌ ዳሰስኩ፤
ልሙጥ ነው፣ የሕፃን ጉንጭ። ተነሣሁ።
የሌላዋ ሰፊ ነው፣ ጭቃ የሚነክስ፣
ግን ወገቧ ከፍ ያለ፣ በነፋስ የሚፈርስ።
"ብትገለበጥ የሚይዛት የብረት ቅስት፣ ከጀርባ?
ቀበቶስ?"
እዚህ ላይ ዳሪል ስልኩ የጠራ መሰለው።

ያገኘኋት ከጓሮ ነው፣ ከሸራ ሥር፣
ቀይነቷ የለቀቀ፣ አንድ መብራቷ የተሰበረ፤
ዝቅ ብላ፣ ሰፍታ፣ አራቱም እግሯ የሚጎትት፣
እንደ እርጉዝ ላም ለመሬት የቀረበች።
ቅስት አላት። ቀበቶ አላት።
በጋራዡ ያለው ልጅ፣ ኮርቢን፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ፣
ሞተሯን አስነሥቶ እንዲህ አለኝ፣ ቀስ እያለ፦
"ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም አትሂጂ።
ጤዛ ሳይደርቅ አትውጪ። ስትወርጂ ማርሽ አትፍቺ።
የዎምባት ጉድጓድ ካለ
አስቀድመሽ በእግርሽ ዞረሽ እንጨት ትከዪበት።"
ሁለት ጊደር ሸጬ ነበር፤ ከፈልኩ።
አልተከራከርኩም። ደንቄያለሁ ራሴን።

አሥራ አንድ ጉድጓድ አገኘሁ፣ አሥራ አንድ እንጨት፣
በየአንዱ ላይ የክላሪን አሮጌ ካልሲ አሰርኩበት።
የእሳቱ ወር ሳይገባ፣ ሣሩ ክብሪት ሳይሆን፣
ወጣሁ ወረድኩ፣ ወጣሁ ወረድኩ፤
ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ ድረስ ቀኑን ሙሉ
ከበሩ እስከ ኩሬው፣ ከኩሬው እስከ ፖሞቹ።
እዚያ ሞተሩን አጠፋሁ።
ከላይ ያለው ሣር ደረቴ ድረስ ቆሟል፣
መሐሉ ላይ ግን አሁንም የተኛ ነገር አለ፣
የሰው ቁመት ያህል።
ቀና ብዬ አላየሁትም ብዙ።
የኢኔስ ፍየሎች ነገ ይመጣሉ፤
ሃያ ስድስትም ሆነ ሃምሳ ለእነሱ ያው ነው፤
ያን ለእነሱ ሰጠሁ።

ክላሪ በረንዳው ላይ፣ ምርኩዙ ጉልበቱ ላይ፣
ዙሬን ሁሉ ሲቆጥር ውሏል።
"ናሬል፣ ከላይ ቀርቶሻል።"
"አውቄ ነው።"
ዳሌውን አሸት አሸት አደረገ።
"ስንት ሆነ?"
"ሃያ ስድስት።"
አፏጨ፣ በቀስታ፣ ውሻ እንደሚጠራ ሰው።
"እኔ" አለኝ፣ "አሥር መስሎኝ ነበር።"