ቃለ ጉባኤ ቁጥር አርባ ሦስት

ቀን፦ ኅዳር ዘጠኝ፤ ሰዓት፦ ለአንድ ሩብ ጉዳይ።
ቦታ፦ ጎንደር፣ አራዳ፣ ከወይዘሮ ውባንቺ ሱቅ፣ ከጣቃው ክምር ላይ።
(ወንበሩ ሁለት ነው፤ የቀረነው ጨርቅ ላይ ተቀምጠናል፤
መዝገብ ይህን አይዘውም፤ ወገባችን ግን ያውቀዋል።)

የተገኙ፦ አራት። የቀሩ፦ ሦስት፤
አንዱ ለቅሶ፣ አንዱ መስኖ፣ አንዷ ምጥ ላይ ናት።
ምልዓተ ጉባኤ፦ ሞልቷል፣ እስከ አፍ ገደፉ፤
አንዳችን ለሽንት ብንወጣ ግን ይጎድላል ጫፉ።

ሊቀመንበሩ አቶ አዛናው ጡረተኛ ቀያሽ ነው፤
አርባ ዓመት የሰው ድንበር ሲለካ ኖሮ፣
ዛሬ የማንም ያልሆነውን ነው የሚያስከብረው።
ውባንቺ ገንዘብ ያዥ፤ ካዝናችን የብስኩት ቆርቆሮ፣
ቁልፉ ከመቀነቷ ጫፍ፣ በሦስት ቋጠሮ።
ጫኔ ባለባጃጅ፤ ቃል የማያወጣ፣ እጅ ብቻ የሚያወጣ፣
በሦስት ዓመት አንድ ስብሰባ ያልቀረ፣ አርፍዶ እንኳ ያልመጣ።
እኔ ጸሐፊዋ ነኝ፤
ቀን መድኃኒት ቤት ክኒን ስቆጥር ውዬ፣
ማታ ዛፍ እቆጥራለሁ፣ ካቶ አዛናው ካርታ ላይ፣ ከኮሶዬ።
በካርታው ላይ ጫካው አረንጓዴ እርሳስ ነው፤ በየዓመቱ ከዳሩ ይፋቃል፤
ላጲሱን የሚይዘው ራሱ አዛናው ነው፤ ሲፍቅ እጁ ይዝላል።

ደመወዝ የለንም፤ አበል የለንም፤ ውኃም ከየቤታችን፤
«ታዲያ ምን አገኛችሁ?» ይሉናል ልጆቻችን፤
ይጠፋናል መልሳችን።

አጀንዳ አንድ፦ የጥበቃው የደሴ ጫማ።
ሶሉ ተላቆ በሲባጎ አስሮት ይዞራል፣ በውርጭ፣ በጨለማ።
ጫማው ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር፤ ካዝናው ሁለት ሺህ ጎደሎ፤
ውባንቺ ቆርቆሮውን ከደነች፦ «የቀረው ከለጋሽ ይሞላ ቶሎ።»
«የማን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት።
«ስሙን ያልወደደ» አለች፤ የዕለት ሽያጯን ስትቆጥር ግን አየኋት።

አጀንዳ ሁለት፦ ከሰል።
የደሴ ሪፖርት፦ ባለፈው ሐምሌ፣ ጉም በወረደበት ሌሊት፣
ከእምቧይ በር ጫካ ግርጌ ባጃጅ ቆሞ ነበር፣ መብራቱ የጠፋ ከፊት።
ሰባት ጆንያ። የወይራ።
ታርጋው ጭቃ ነው፤ ሰውየው ጥላ ነው፤ ጉሬዛ ብቻ ነው የተጣራ።

«ማን ይሆን?» አለ አቶ አዛናው፤ መነጽሩን ወለወለ።
ዝም ተባለ።
ከዚያ ጫኔ እጁን አወጣ፤
«እኔ ነኝ» አለ፣ ከጣቃው ሥር በሚመስል ድምፅ፣ ከሩቅ በመጣ።

«ልጄ ሆስፒታል ተኝታ፣ መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ ተባልኩ፤
አንድ ሌሊት ነው። ሰባት ጆንያ። ደግሜ አልሄድኩ።
ስሜን ሰርዙልኝ፤ ልውጣ።»

አስታወስኩ።
ሐምሌ ነው፤ ከመስኮቴ ፊት ቆሞ የማዘዣ ወረቀት ሰጠኝ፤
ብሩ ጥቁር ነገር ነበረው፤ የሞተር ዘይት መሰለኝ።
ቆጥሬ ተቀበልኩ፤ «ምሕረት ያውርድ» ብዬ ሸኘሁ፤
የወይራውን ዕድሜ አላወቅኩም፤
ክኒኑ አሥራ አራት ፍሬ ነበር፤ እሱን ግን አልረሳሁ።

ጫኔ ቆሟል፤ በሩ ሁለት እርምጃ ነው።
አቶ አዛናው ቀና ሳይል፦ «ተቀመጥ» አለው።
«ብትወጣ ሦስት እንሆናለን፤ ምልዓተ ጉባኤ ይጎድላል፤
የደሴ ጫማ ይቀራል፤ እግሩን ውርጭ ይበላዋል።
ያንተን ጉዳይ ሰባታችን ስንሞላ፣ በደንቡ እናየዋለን፤
ዛሬ ግን አራት ነን።»

ውባንቺ ጣቃው ላይ ጠጋ አለችለት።

ጫማው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤
ጫኔ እጁን አንሥቶ ማውረዱን ረሳው፤
መሣቅ አማረን፤ ማንም ግን አልሣቀ።

አጀንዳ ሁለት ላይ ብዕሬ ቆመ። ምን ብዬ ልጻፍ?
ግማሽ ገጽ ባዶ ተውኩለት፣ ከፊርማዎቹ አፋፍ።

መብራት ሄደ። ሱቁን ዘግተን ሦስታችን ከኋላው ተጫንን፣ ጉልበት ለጉልበት፤
ቁልቁል ወሰደን፣ ዝም ብሎ፣ እያንዳንዳችንን እስከ በራችን ድረስ፣ እስከ ቤት።
ቀሚሴን ሳወልቅ ጥቁር ነገር ነክቶታል፣ ከወንበሩ ይሆናል።
ዘይት ነው? ከሰል? አሸተትኩት።
እስካሁን አላጠብኩት።