ችካል ቁጥር ሰባት

ባሕር ሳይኖራት ወደብ ያላት ከተማ፣
ኮንቴይነር በፀሐይ የሚነድባት፣ ሞገድ ሳይሰማ፣
ኮምቦልቻ ነኝ ስትል እንግዳ ይስቃል።
“ደረቅ ወደብ?” ይላል። ሳቁን ሲጨርስ ግን ድልድዩን ያልፋል፣
ቦርከናን ያያል።

እኔም ዛሬ ጠዋት ድልድዩን አልፌ፣
ሜትር በትከሻዬ፣ መዶሻ በቀበቶዬ፣ ካርታውን አቅፌ፣
ዐሥራ አራት ችካል፣ አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም።
ይህን ይዞ ለመጣ ሰው ወንዝ ዳር ሰላምታ የለም።

አሸዋ ጫኞቹ አካፋ አቆሙ።
መኪና አጣቢዎቹ ባልዲ እንዳንጠለጠሉ ቆሙ።
ሰይድ እብሬ ብቻ፣ ቆስጣው መሐል ጎንበስ እንዳለ፣
ቀና ሳይል፣ “መጣህ?” አለ።
እንደሚጠበቅ ዝናብ። እንደሚያውቀው ዕዳ።
“መጣሁ ጋሽ ሰይድ።” ሌላ ምን ይላል የማዘጋጃ ቤት እንግዳ?

ካርታው ንጹሕ ነው። ካርታን መቼ ጭቃ ይነካዋል?
ወንዙ ሰማያዊ መስመር፣ ሦስቱ ሕንጻ ሦስት ሣጥን ሆኖ ይታያል።
ጎመኑ የለም። የፓምፑ ጉሮሮ የለም።
እነ ጦይባ አሸዋ የሚነፉበት ወንፊት፣
ገልባጩ ወደ ኋላ እየሄደ የሚጮህበት ቁልቁለት፣
የባቲ ግመሎች አንገታቸውን የሚያስረዝሙበት፣
ከቆዳ ፋብሪካው በላይ ያለው፣ ገና ያልከረፋው ጥግ፣
የለም። “ባዶ ቦታ” ይላል፣ በደቃቅ ፊደል፣ በትልቅ ወግ።

ግን እዋሻለሁ ስለ ወንዙ ብቻ ባወራ።
ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ በሰው ግቢ፣ ሽንት ቤት በጋራ፣ ቆጣሪ በጋራ፣
ማታ በር ሳንኳኳ ባለቤቷ እያሳለች፣
“እንግዳ አበዛችሁ” እያለች፣
በየመስከረሙ ኪራዩ እንደ ክረምት ወንዝ ሲሞላ።
ሐያት የቁጠባ ደብተሩን የምትደብቀው ከልጃችን የክትባት ካርድ ኋላ ነው፣ ከካርዱ ኋላ።
ሁለቱንም አውጥታ ቀን ታሰላለች፤
“ሕንጻ ሦስት የኛ ነው” ትላለች።

ችካል ቁጥር ሰባት የሕንጻ ሦስት ጥግ ነው።
በካርታው መሠረት የሰይድ እብሬ ፓምፕ ላይ ነው የሚያርፈው።

መዶሻዬን አነሣሁ። ሰውዬው እጁን ጠረገና፣
“ቆይ ልጄ” አለ፣ “አንድ ነገር ላሳይህ፣ ና።”
ወሰደኝ ወደ ዋንዛው። ከደረቴ ከፍ ብሎ ጠባሳ አለ፣ ልጡ በገጀራ የተቀረፈ።
“አንድ ክረምት” አለ፣ “ውሃው በዚህ በኩል አለፈ።
የማዘጋጃ ቤት ሰው አልመጣም ያኔ። እኔ ነበርኩ ቀያሹ።
ወንዝ ርስቱን አይረሳም፤ እናንተ ናችሁ የምትረሱ።”

ጦይባ ከኋላችን፣ ወንፊቷን ደግፋ፣
“ቤት አንጠላም እኛ” አለች፣ የሻሿን አቧራ አራግፋ።
“ቤቱስ ከምን ይሠራል? ከዚህችው አሸዋ!
ካለህ ለኔም ስጠኝ፣ ባለ አንድ መኝታ ይበቃኛል። ዳሩን ግን አትንካብኝ፣ እንጀራዬ ነዋ!”

ሜትሬን ዘረጋሁ። ከዋንዛው ጠባሳ ወደ ላይ፣
ሃያ ስድስት እርምጃ፣ በጠራራ ፀሐይ።
እዚያ ቢተከል ፓምፑ ይተርፋል፣ ወንፊቱ፣ የግመሎቹ መውረጃ፤
ሕንጻ ሦስት ግን ይታጠፋል። አርባ በር። አርባ ምድጃ።
ከአርባው አንዱ በር በሐያት ሐሳብ ቀድሞ ተቀብቷል፤
ቀለሙን አውቀዋለሁ፣ ውሃ ሰማይ ይመስላል።

ሰነዱ “ሚዛናዊ ልማት” ይላል። ሚዛኑ ግን የት ይገዛል?
ጦይባም ማታ ማደሪያ፣ እኔም ማታ ማደሪያ፤ ጠዋት ግን ቆስጣው ከየት ይመጣል?
ይህን ሁሉ አንድ ጣሳ ቀለም እንዴት ይችላል?

ችካል ቁጥር ሰባትን ከጠባሳው በላይ መታሁ።
ሦስቴ። ድንጋይ አገኘው፤ አራተኛ ጨመርኩ፣ ቀይ ቀባሁ።
ማስታወሻዬ ላይ “የጎርፍ ምልክት፣ ዋንዛ፣ ነባር ሥራ” ብዬ ጻፍኩ።
አለቃዬ የሚለው ከወዲሁ ተሰማኝ። ፈራሁ። ፈረምኩ።

ጋሽ ሰይድ አላመሰገነኝም። ፓምፑን አስነሣ፤
ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ውሃ። ሁሉም ወደ ሥራው ገባ፣ እኔን ረሳ።

ማታ ሐያት “ሕንጻ ሦስትስ?” አለች፣ ደብተሩን እየገለጠች።
ከጫማዬ አሸዋ ረገፈ። ከመልሴ በፊት እሱን አየች።
መጥረጊያውን አነሣች፤ ቆየች፤ አልጠረገች።