ሁለተኛው ቀዳዳ

ከጅቡቲ መጣች፣ በጭነት መኪና፣ ሸራ ተከናንባ፤
ጨው የላሰው ሆዷ፣ ቀጭኑ ወገቧ፣ ፈጣኗ ጀልባ።
ምንይችል ገዝቷት፣ ሞተሩን ዳብሶ፣ ዋጋዋን ቆጥሮ፣
«ዘጌ ስምንት ደቂቃ!» ሲል፣ ባሕር ዳር ሰማው አብሮ።

ጣና ላይ ስትወርድ ግን
አፍንጫዋን ሰቅላ፣ ጭራዋን ጎትታ፣
እንደ እርጉዝ ላም ሄደች፣ በዝግታ፣ በዝግታ።
ሞተሩ ያገሳል፤ ከአራት ሺህ ስድስት መቶ ወዲያ
መርፌው ንቅንቅ አላለም።

እንየውን ጠሩት፤ የመርከብ ቤቱን ጡረተኛ፣
ከግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለው፣ ለሞተር ግን ሙሉ ዳኛ።
ውልብልቢቱን ገልብጦ የተቀረጸውን አነበበ፤
«ሀያ አንድ» አለ። ሳቀ። ደግሞ አሰበ።

«ይኼ የባሕር ቁጥር ነው።
አንዴ ሲዞር ሀያ አንድ ኢንች ልራመድ ይላል፤
እዚያ ታች አየሩ ወፍራም፣ ሞተሩ ጠግቦ ይበላል።
እኛ ግን ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ያህል ወጥተን ነው
ውኃ ያገኘነው።
አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው ዳገት ያደክመዋል።
በባዶ ሆድ ረጅም እርምጃ አይሆንም፤
አሳጥሩለት።»

አሥራ ሰባቱን አመጣሁ፤ አራት ክንፍ፣ ብረቱ የነጣ።

ሞተሩም ታች ተሰቅሎ፣ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቷል፤
የሚገፋው ሳያንሰው የሚጎትተውን ተሸክሟል።
በሰንሰለት አነሳነው፣ ብሎን ፈትተን፣ አንድ ቀዳዳ፤
ወጣን፣ ሞከርን፤ ቀለል አለ፣ እንደ ተከፈለ ዕዳ።
ምንይችል ጣፈጠው።
«ሦስተኛው ላይ!» አለ።
እንየው ዝም አለ። ዝምታውን የሰማ የለም፤
ሦስተኛው ላይ አሰርነው።

ጎህ ሲቀድ፣ ታንኳዎቹ ሳይወጡ፣ ወደ ክብራን ለቀቅናት።
በረረች! ውኃ ነክታለች ለማለት ምስክር ያሻል።
ስትታጠፍ ግን
ውልብልቢቱ አየር ጎረሰ፤
ሞተሩ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንደሚጮህ ሰው ሆነ፣
ድምፁ ሰማይ፣ ሥራው የለ።
ከጎኑ በቀጭኑ የምትፈሰው ማቀዝቀዣ ውኃ
(የሞተር ሽንት እንላታለን እኛ)
ተቋረጠች።
እንየው ሳይቆጣ እጁን ዘርግቶ ቁልፉን አጠፋ።

ጸጥታ። ከደንገሉ ወዲያ አንድ ጉማሬ ተነፈሰ።
«በጣም ከጠለቀ ውኃው ይይዘዋል፤
በጣም ከወጣ የሚይዘው ያጣል» አለ።
ስለ ሞተሩ ነው። ምንይችል ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ወደ ሁለተኛው መለስነው።
ከጀልባዋ ሆድ ግርጌ እስከ ሞተሩ ሳህን
እንየው በጣቱ ለካ፦ ሁለት ጣት፤
ልክ ያጣቸውን ያህል።

መርፌው አምስት ሺህ ስምንት መቶን ነካ፤ አላለፈም።
ዘጌም በስምንት አልተደረሰችም፤
ዘጠኝ ደቂቃ ከግማሽ፣ ሰዓቱን ይዤ ነበር።
ምንይችል እስከ ዛሬ «ስምንት» ይላል።
እንየው ስለ ደቂቃው አልጠየቀኝም፤
ገመዱን ከወደቡ እንጨት እያሰረ፣
«ያቺ ቀጭኗ ውኃ» አለኝ፣ «ሳትቋረጥ ፈሰሰች?»